ሦስት ሲቀሩ

ማናማ፣ ሁራ ሰፈር፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፤
ኤሲው ባልዲ ውስጥ ያንጠባጥባል፣ ዕረፍት የሚባል የለበት።
ከእንግዶች መዝገብ ሥር ስልኬ፣ ድምፁ ጠፍቶ ይበራል፤
ሁለት መቶ ሰባ ገብተን ሦስት ሰው ብቻ ቀርቷል።

መግቢያው አምስት ዶላር ነበር። ለአንደኛው ሦስት መቶ አርባ፣
ለሦስተኛው መቶ ሰባ።
ልዩነቱ ለኔ ቢጤ የግማሽ ወር ደመወዝ ነው፤
ለዝምታው ስንት እንደሆነ፣ እሱ ብቻ ነው የሚያውቀው።

«ዝምታው» ይላል ስሙ። «ቀበሮ ሰባት» ሌላው።
ፊታቸውን አላውቅም፤ የማውቀው መዘግየታቸውን ነው።

ቀበሮ ክምሩ ትልቅ ነው፤ ከፍሎ ማየት ይወዳል።
ለእንዲህ ያለው ተረት አይወራም፤ መጨረሻውን ሳይሰማ መቼ ይሄዳል?
ዝምታው ግን መሃል ላይ ነው፤ የሚያጣው ነገር አለው።
ማስፈራራት የሚቻለው ጎተራው ግማሽ የሞላን ሰው ነው።
ከፍሎኝ ቢሸነፍ፣ የኔን ቦታ ይይዛል።

እኔ? ትንሹ እኔ ነኝ። የግድ መዋጮው በየስምንት ደቂቃው ያድጋል፤
ጥሩ ካርታ የሚጠብቅ ሰው እየጠበቀ ያልቃል።

ያኔ ነው ብለፋ የሚሉት። ግን ውሸት ከመሃል አይጀመርም።
ከመጀመሪያዋ ካርታ አንስቶ አንድ ወሬ ያላወራ፣ ማንም አያምነውም።
ሁለቴ ጨምሬ ነበር። ገበታው ላይ ሦስተኛው ጦር ሲወርድ
ያን ጦር ስጠብቅ የኖርኩ መስዬ፣ እጄ ሳይርድ፣
ከገፋሁ እዚህ ጋ ነው።
የያዝኩት ስምንትና አምስት። አንዱም ጦር አይደለም።

አሥራ አምስት ሰከንድ ተሰጠኝ። ሰዓቱ መቁጠር ሲጀምር
ወበቁ ቀድሟት ገባ፣ ተከፈተ የመስተዋቱ በር፤
አንዲት ልጅ፣ አንድ ሻንጣ፣ አንድ ጎማ ብቻ የቀረው።
«ነገ ጠዋት ይላክልኛል ወንድሜ፣ ገንዘቡ መንገድ ላይ ነው።»

ሳልጠይቃት መለሰች። ስምሽ ማነው ሳልል «ለተብርሃን» አለች፤
መታወቂያዋ እህቷ ጋ ነው፣ እህቷ ሙሐረቅ ናት፣ ስልኳን ዘግታ ተኝታለች።
አሥራ አንድ። አሥር። አውቀዋለሁ፤ ከመሃል የተጀመረ ወሬ፤
እዚህ ዴስክ ስንቱን ለይቻለሁ፣ ትናንትም ዛሬ።
«ልይሽ» ብላት የሚከፈት ነው፤ ከጀርባው ምንም የለም።
ዓይኗ ግን እኔን አላየም። መንገዱን ያያል፣
መብራቱ አጠገብ የቆመ መኪና።

ስድስት። አምስት። የሦስት መቶ አራት ቁልፍ ሚስማሩ ላይ ተንጠልጥሏል፤
ኤሲው የተበላሸ ክፍል፤ አይከራይም፣ መስኮቱ ግን ይከፈታል።
ገፋሁላት። «ነገ ትከፍያለሽ» አልኳት፤
እኔም ዋሸሁ። አላመንኳትም፤ ያመንኳት ግን መሰልኳት።

በሌላው አውራ ጣቴ፣ ሁለት ሰከንድ ሲቀረው፣
ያለኝን ቺፕ በሙሉ ገፋሁት። ስምንትና አምስት ይዤ ነው።

ዝምታው አሰበ። መጠባበቂያ ሰዓቱን ከፈተ። ሃያ፣ ሠላሳ።
አሳንሰሩ አይሠራም፤ ሻንጣው ደረጃውን ይመታል፣ አንሳ ጣል፣ ጣል አንሳ።
ሁለተኛ ፎቅ። ሦስተኛ። ቁልፍ ሲዞር ሰማሁ፤
ያኔ እሱም ጣለ። ሳቅ አማረኝ፣ ፈራሁ።

አውቆ ይሆን? የተሻለ ይዞ፣ ባዶነቴን እያየ
«ይሂድ» ብሎ የተወኝ፣ በማላውቀው ከተማ እንቅልፍ አጥቶ የቆየ?

ከሁለት ዙር በኋላ ሕጌን ረሳሁ፤ ቀበሮን ላስፈራራ ገፋሁ።
ከፍሎ አየኝ። ሦስተኛ ወጣሁ።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ አቡ ሐማድ መጣ፤ መዝገቡን ገለጠ፤
ዓይኑ ከመዝገቡ ተነስቶ ባዶው ሚስማር ላይ ተቀመጠ።
«ሦስት መቶ አራትስ?»
«ቁልፉ ኤሲ ሠሪው ጋ ነው፤ ማክሰኞ ነግሬህ ነበር።»
አልቸኮልኩም። አልዘገየሁም።
ባልዲው ሞልቶ ይፈሳል።
እሱ ገና ያስባል።